የትንሿ ድስት ምስር

የካቲት 2፣ ሰኞ

ኪዳን አድርሼ ስወጣ ፈረስ መጋላ ላይ አዲስ ሰሌዳ ተሰቅሎ አየሁ። «የቱርክ ምግብ ቤት»። ቀይ፣ ከሩቅ የሚጮኽ። በመስኮቱ ውስጥ አንድ ቁልል ሥጋ በብረት ምሰሶ ተሰክቶ ይሽከረከራል። አንዱ ረጅም ቢላዋ ይዞ ዙሪያውን ይልጠዋል። ይህ ወጥ ቤትነት ነው ወይስ አናጢነት?

የቤተ ክርስቲያኑን ዘበኛ «የማን ነው?» አልሁት።

«የቅመም ነጋዴው የሐሰን ልጅ፣ የረሂማ ነው። አሥር ዓመት ቱርክ አገር ሠርታ መጣች። ምነው ጋሼ፣ የወንድምዎ ልጅ አይደለችም እንዴ?»

ትቼው መንገዴን ቀጠልሁ። ዘበኛ በር ይጠብቅ፤ የዘመድ ቆጠራ ምን አገባው?

ሐሰን የሚሉት እንደሻው ነው። የእናቴ ልጅ፣ የስድስት ዓመት ታናሼ። ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት ዘይነባን ሊያገባ ሃይማኖቱን ለወጠ፤ በኒካሑ ዕለት የእስላም ሥጋ በላ። እኔም በዘመድ ፊት ቆሜ «ከእንግዲህ ከእሱ ጋር ማዕድ አልቆርስም» አልሁ። አልቆረስሁምም። በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው፣ አንዴ የተጻፈ ነገር እንደማይፋቅ ያውቃል።

አሁን ደግሞ ቱርክ ሆኑ… እሺ።

የካቲት 8፣ እሑድ

ነገ ጾም ይገባል። ሠራተኛዬ ነፃነት ዛሬ ተሰናበተችኝ፤ ከፋሲካ በኋላ ድሬዳዋ ልትዳር ነው። ሰባት ዓመት ያበሰለችልኝ እሷ ነበረች፤ ያ ማብሰል ከተባለ። ሽሮዋ ወይ ይቀጥናል ወይ ያራል። «ማን ሊያበስልልዎ ነው አባባ?» ብላ አለቀሰች።

«የቆሎ ተማሪ ሆኜ በቁራሽ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሽሮ ያቅተኛል?» አልኋት።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ

ሽሮ ያቅታል።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ

ዛሬ ለመታዘብ ያህል ወደ ቱርኩ ቤት ገባሁ። ለመታዘብ ብቻ። ከቅዳሴ መልስ ጀምሮ አንጀቴ ይጮህ ነበር፤ ግን ምክንያቱ እሱ አይደለም።

ሮመዳን ስለሆነ ቀን ይዘጋሉ፤ ሲመሽ ነው የሚከፍቱት። ዐሥራ አንድ ተኩል ላይ ደረስሁ። የፕላስቲክ ወንበር፣ በላስቲክ የተሸፈነ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የመርከብ ሥዕል። ሐረር ውስጥ መርከብ!

ልጅቷ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ስታየኝ የያዘችው ሳህን ሊወድቅ ምንም አልቀረው። አፍንጫዋ የእናቴ ነው። ይህንን ማንም አልነገረኝም ነበር።

«ጋሼ ተክለጻድቅ? እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። የሚበላ የጾም ነገር አለ ወይስ ሁሉም የሚላጥ ነው?»

«አለ፣ አለ! የምስር ሾርባ አለ፣ ፎሶሊያ በዘይት፣ ደብርጃን። ለጿሚዎች ምስሩን ለብቻው በትንሽ ድስት ነው የምናበስለው።»

«ድስቷስ ምን ስታበስል የኖረች ናት?»

«አዲስ ናት ጋሼ። ወላሂ ሥጋ አይታ አታውቅም።»

ተቀመጥሁ። ያኔ ነው ያየሁት። በወዲያኛው ጠረጴዛ እንደሻው ቴምር ፊቱ አድርጎ አዛን ይጠብቃል። ቀና ብሎ አየኝ። አቀረቀረ። አርጅቷል… የስድስት ዓመት ታላቄ ነው የሚመስለው። ተነሥቼ ልወጣ አሰብሁ። እኔ ለምን እወጣለሁ? ፈረስ መጋላን እሱ አልሠራው።

ምግቡ ቀረበልኝ። የእኔ ጾም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መብላት ይፈቅዳል። ነገር ግን ቤት ሙሉ ሰው ምራቁን እየዋጠ ተቀምጦ እኔ ብቻዬን ላላምጥ? ነውር የሚባል ነገር አለ። ማንኪያዬን አስቀምጬ ጠበቅሁ። አዛን ሲባል ሁሉም ተነፈሰ። እኔም።

ስለ ምግቡ፦ የምስር ሾርባ የሚሉት ምስር ክክ ነው፤ አድቅቀው፣ አቅጥነው፣ ሎሚ ጨምቀውበት በባዕድ ስም ይጠሩታል። እናቴ ትኩሳት ሲይዘን ይህንኑ ታበላን ነበር፤ ግን ቱርክ ነኝ አላለችም። ፎሶሊያውን ደግሞ ከነቅዝቃዜው ያቀርቡታል። እሳት አልቆባቸው ነው? «እንዲህ ነው የሚበላው ጋሼ» ትለኛለች። ደብርጃኑ በዘይት ሰጥሟል፤ ነፍሱን ይማር።

ሦስቱንም ጨረስሁ። ምግብ ማስተረፍ ነውር ስለሆነ ነው።

የካቲት 20፣ ዓርብ

ምስሩ መሻሻሉን ለማጣራት ተመልሼ ሄድሁ። ተሻሽሏል። የመጀመሪያው ዕለት ውኃ ውኃ ይል ነበር፤ ዛሬ ግን ጠለቅ ያለ ጣዕም አለው። ትችቴን ሰምተው መሆን አለበት። ሰው ሲነገረው ይማራል፤ የሚናገር ነው የጠፋው።

ሁለት ሳህን በላሁ። ለማነጻጸር።

የካቲት 23፣ ሰኞ

ደንበኛ ሆንሁ። ሰው ምን ይላል? ይበል።

እንደሻው ዛሬ ልጁን መልእክተኛ አደረጋት። በመካከላችን ያለው አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነው፤ እሱ ሲያስነጥስ ይሰማኛል። እሷ ግን ከእሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሱ።

«ጋሼ፣ አባቴ ‹ወንድም ጋሼ ዳቦውን ነክረው ይብሉት፤ ለጥርስ ይሻላል› ይላል።»

«ጥርሴ ሙሉ ነው በዪው።»

«‹የላይኛው ወይስ የታችኛው?› ይላል።»

ከጀርባዬ ሰው ሳቀ። ዞሬ አላየሁም።

«የእናንተ ጾም ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃል፤ የእኛ ሃምሳ አምስት ቀን ሌሊትም አያባራም በዪው።»

«‹እኛ ውኃም አንቀምስም፤ እሳቸው ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ይጠጣሉ› ይላል።»

«እዚሁ ከእናንተ ጋር ጠብቄ አይደለም እንዴ የምበላው?»

«‹ማን ጠብቁ አላቸው?› ይላል።»

ባለጌ። ሕፃን ሆኖም እንዲሁ ነበር። ሲቆጡት መልስ አያልቅበትም።

የካቲት 28፣ ቅዳሜ

ዛሬ ልጅቷ ሻይ አምጥታ ሳልጋብዛት ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ሻዩ ወገቡ በታነቀ ብርጭቆ ነው፤ ሁለት ጊዜ ቢጎነጩት ያልቃል። እንደሻው አልመጣም ነበር።

«ጋሼ፣ አባቴ ዘንድሮ ሐጅ ሊሄድ ነው። በግንቦት መጀመሪያ።»

«በሰላም ይግባ።»

«ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመሄዱ በፊት የተቀየመውን ሁሉ አፉ ማስባል አለበት። ይቅርታ ማለት ነው።»

«ሐረር ነው የተወለድሁት። አፉ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ።»

«ሁሉም አፉ ብለውታል። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ራሱ ለምን አይጠይቀኝም?»

«ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኬ መልሰውብኛል ነው የሚለው።»

እውነት ነው። ሦስተኛዎቹን ከደጅ ነው የመለስኋቸው።

«እምቢ ብልስ?»

«ይሄዳል። ግን ልቡ ደክሟል ጋሼ። ሐኪሙ ‹መሄድህ ካልቀረ ዘንድሮ ሂድ› ነው ያለው። ሄዶ ላይመለስ ይችላል።»

ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ። ልጅን ልኮ ሽማግሌን በሞት ማስፈራራት! በሞት የሚደነግጥ ዕድሜ ላይ አይደለሁም።

ዘይነባ ከአራት ዓመት በፊት ስትሞት ለቅሶው ከጊደር መጋላ አልፎ መንገድ ሞልቶ ነበር አሉ። እኔ አልሄድሁም። ምን ብዬ? ማን ነኝ ብዬ?

… ይህንን ለምን እንደጻፍሁት አላውቅም።

መጋቢት 11፣ ዓርብ

ዒዳቸው ነው። ልጅቷ ቴምርና ዘቢብ ላከችልኝ፤ ቅቤ የነካው አንድም የለበትም። አሰበችበት። ከነሳህኑ ልመልሰው ብዬ… ዘቢቡ መልካም ነበር።

መጋቢት 15፣ ማክሰኞ

ይህንን መጻፍ አለብኝ።

ረፋድ ላይ በሬ ተንኳኳ። ረሂማ ናት። ቤቴ ያለበት ሐኪም ጋራ ድረስ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ ላብ አጥምቋታል። ግቢ ብላትም አልገባችም።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነው። ከነገርኩዎ በኋላ ቤቴ አይመጡም። ሳልነግርዎ ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«ተናገሪ።»

«ዮሲን ያውቁታል፤ ከአዲስ አበባ ያመጣሁት ወጥ ሠሪ። ጿሚው ሲበዛ ትንሿ ድስት እያለቀች አስቸገረችው። ስታልቅበት ከትልቋ እየጨለፈ ሲሞላት ነበር።»

«ትልቋ ምንድን ናት?»

«የአጥንት መረቅ ናት ጋሼ። ለአፍጥር የጀመርናት፣ ከዒድ ወዲህም ያልቀረችው። ትናንት በዓይኔ አይቼ ነው የደረስኩበት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሮመዳን ሁለተኛ ሳምንት።»

ያ ዮሲ የተባለው ማተብ አስሯል! በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጥቁር ማተብ፣ እንደ ጌጥ ከሸሚዙ ውጪ ያንጠለጥለዋል። ስትጠይቀው «ያለ አጥንት ምስር ምን ይጥማል?» አላት አሉ። በዐቢይ ጾም! የእስላም ሥጋ መረቅ! ለእኔ!

«ውጪ ከፊቴ» አልኋት። ውጪ ነበር የቆመችው፤ ቢሆንም አልሁ።

አልሄደችም። «ማንም አያውቅም ነበር ጋሼ። መደበቅ እችል ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልደበቅሽም?»

«የእርስዎ ደም አለብኝ» አለችና ዳገቱን ወረደች።

ይህ የእኛ ቤት መልስ ነው። አልነገርኋትም።

ወደ ኋላ ገልጬ አየሁ። የካቲት 20፦ «ጠለቅ ያለ ጣዕም አለው።» በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። ሁለት ሳህን! ለማነጻጸር! ገጹን ልቀድደው ያዝሁትና ተውሁት። መዝገብ አይቀደድም።

ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ በልቻለሁ። ቆጠርሁ።

መጋቢት 16፣ ረቡዕ

ከቤት አልወጣሁም። ከተማው ሰምቶ ይሆን? ተክለጻድቅ በጾም መረቅ ጠጣ… ስንቱን ነው በጾም እንቁላል በላህ ብዬ ያሳፈርሁት፤ ስንቱን በዓሣ! አሁን በየባጃጁ የሚስቁብኝ እነሱ ናቸው።

ወደ ማታ ላይ የውጭ በሩ ሲንኳኳ ከፈትሁ። እንደሻው ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ያልረገጠውን ደጅ። በሁለት እጁ ምርኩዝ ይዞ ያለከልካል።

«ልትስቅ መጣህ?» አልሁት። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ያወጣሁለት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው።

«አልስቅም፣ ወንድም ጋሼ።»

«ለምን? ሳቅ እንጂ! ተራህ ነው።»

«እኔ የበላሁ ዕለት እርስዎ አልሳቁም። ከአጥሩ ጀርባ ሄደው አለቀሱ።»

ያንን ማንም አላየም ብዬ ነበር።

ዞሮ ሄደ። ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሞ አረፈ። እያየሁት ነበር። «ግባና እረፍ» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር… ቃል ግን ጉሮሮ ላይ አይቆጠርም።

መጋቢት 18፣ ዓርብ

ንስሐ ገባሁ። የነፍስ አባቴ ሞተው በምትካቸው የተሰጡኝ አባ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ሲወለዱ እኔ የመዝገብ ቤት ሹም ነበርሁ። ጢማቸው ገና አልሞላም። ሁሉንም ነገርኋቸው። አልደነገጡም። በእኛ ዘመን ቄስ ይደነግጥ ነበር።

«ሳያውቁ ነው። ሰባት ቀን፣ በየቀኑ አርባ ስግደት» አሉ።

«ሰማንያ ይሁን።»

«አርባ ነው ያልኩት።»

«የድሮ አባቶች እንዲህ ላለው…»

«ጋሽ ተክለጻድቅ፣ ንስሐ ጨረታ አይደለም። ለፋሲካ ሊቆርቡ አስበዋል?»

«በየዓመቱ እቆርባለሁ።»

«የተቀየሙት ሰው አለ?»

መቋሚያዬን አገላበጥሁ።

«እሱን በሆድዎ ይዘው ሲቆርቡ ኖረዋል?»

«ሃይማኖቱን የካደ እሱ ነው። እኔ ምን በደልሁ?»

«ሃይማኖቱን መች ጠየቅሁ? ቂም አለ ወይ ነው ያልሁት። ታርቀው ይምጡ፤ አለዚያ እንዳይቀርቡ።»

እንዳይቀርቡ! ለእኔ! የዜማ ምልክት እንኳ በወጉ የማያውቅ ልጅ!

መጋቢት 25፣ ዓርብ

ስግደቱን ፈጸምሁ። በየቀኑ አርባ። ሰማንያ ቢሉኝ ኖሮ ጉልበቴ እዚያው ይቀር ነበር፤ ይህንን ግን ለአባ ወልደ ጊዮርጊስ አልነግራቸውም።

ዕርቁን አሰብሁበት። «ይቅር ብዬሃለሁ» ብሎ መላክ ቀላል ነው። ግን በእኛ ዘንድ ያለ ማዕድ ዕርቅ የለም፤ ማዕድ ሳይቆርሱ የታረቁ ሰዎች ሲለያዩ ጠላት ናቸው። ለዕርቅ ደግሞ በግ ይታረዳል። እኔ ባሳርድ እሱ አይበላም። እሱ ቢያሳርድ እኔ አልበላም። በምስር ታረቁ የሚል አይጠፋም፤ ከእንግዲህ በዚያ ቤት ድስት አላምንም። ደግሞስ በፋሲካ ሰሞን በምስር የሚታረቅ ማን ነው? የድሃ ዕርቅ።

እንግዲህ መንገድ የለም ማለት ነው። መንገድ ከሌለ ጥፋቱ የእኔ አይደለም።

… አይደለም?

ሚያዝያ 4፣ እሑድ

ትንሣኤ። ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ አስቀደስሁ። ሰው ሁሉ ሲቆርብ እኔ ከዓምዱ አጠገብ ቀረሁ። አርባ ዓመት በዚህ ዕለት ያልቀረሁ ሰው። አባ ወልደ ጊዮርጊስ መስቀሉን ይዘው ሲያልፉ አዩኝና ምንም አላሉም። ባይናገሩኝ ይሻለኛል ብዬ ነበር፤ አይሻልም።

ቤት ገብቼ ሁለት እንቁላል ቀቅዬ ጾሜን ፈታሁ። ብቻዬን። አንዱ ፈነዳ።

ሚያዝያ 7፣ ረቡዕ

በቱርኩ ቤት ደጅ ሳልፍ የበረዶ ሣጥን ከመኪና ሲያወርዱ አየሁ። ክዳኑ ሲከፈት ዓሣ ነው፤ ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል። ቆምሁ። መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ባጃጅ ጮኸብኝ።

ሠላሳ አራት ዓመት! ሦስት ጊዜ የመጡት ሽማግሌዎች፣ ዘመዱ ሁሉ፣ ተምሬአለሁ የሚለው ሁሉ… አንድ ሰው አላሰበውም! ምን ዓይነት ሕዝብ መካከል ነው የኖርሁት?

እኔም አላሰብሁትም። ይጻፍ።

ሚያዝያ 8፣ ሐሙስ

ምሳ ሰዓት ላይ ገባሁ። ረሂማ ስታየኝ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እንደሻው ከቦታው ነው። ወደ እኔ ጠረጴዛ አልሄድሁም። ከእሱ ጠረጴዛ ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥሁ። ሊነሣልኝ ሲታገል «ተቀመጥ፤ ልብህ ደክሟል አሉ» አልሁት።

«ዓሣ አለ?» ብዬ ልጅቷን ጠየቅሁ።

«አለ ጋሼ። ግን እርስዎ ከእኛ ቤት…»

«ዓሣ ማን ያርዳል?»

ወደ አባቷ ዞራ አየች። ከየጠረጴዛው ሰው ወደ እኛ ዞረ።

«ዓሣ አራጅ የለውም። ከውኃ የወጣ ነው፤ ቢላዋ አልተባረከበትም። ለእሱም ይበላል፣ ለእኔም ይበላል። በፍሙ ላይ ጥበሺው፤ ድስት እንዳታሳዪው። አንድ ዓሣ። በአንድ ሳህን።»

እንደሻው እጁን አፉ ላይ ጫነ። ማልቀሱ ነው መሰለኝ፤ አላየሁትም፣ የመርከቡን ሥዕል እያየሁ ነበር። አስቀያሚ ሥዕል ነው።

ዓሣው መጣ። ጨው በዝቶበታል፣ ጅራቱ ከስሏል፣ ከጎኑ ያስቀመጡት ሎሚ ጠብታ የለውም። አሥር ዓመት ቱርክ አገር ምን ስትማር ቆየች? እሾሁ ደግሞ እንደ መርፌ ነው፤ ዓይኔም አያይልኝም። እንደሻው ሳይጠይቀኝ ሥጋውን እየፈለቀቀ፣ እሾሁን አንድ በአንድ እየለቀመ ወደ እኔ ይገፋል። የገፋልኝን እበላለሁ።

ግማሽ ያህሉን እንደበላን እጁን ጠረገና «ወንድም ጋሼ» አለኝ። «በሦስት ሳምንት ውስጥ እሄዳለሁ። አፉ በሉኝ።»

«ቆይ። መጀመሪያ እኔ ነኝ። ለዘይነባ ለቅሶ አልመጣሁም። አራት ዓመት ሙሉ አልመጣሁም። አፉ በለኝ።»

ቃሉን በገዛ አፌ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው። እሱ ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

«በቃልህ ተናገር። በራስ ንቅናቄ መዝገብ አይዘጋም።»

«አፉ ብያለሁ፣ ወንድም ጋሼ። እሷም ብላለች። ከመሞቷ በፊት ነው ያለችው።»

ምን እንደመለስሁ በሚገባ አላስታውስም። «እኔም ብዬሃለሁ» ማለቴን ረሂማ ሰምታለች፤ እሷ ምስክር ናት።

የዓሣው ሆድ ቀርቶ ነበር፤ የተሻለው ክፍል። ወደ እኔ ገፋው። ወደ እሱ ገፋሁት። መልሶ ገፋው። እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተግደረደርን። የቀዘቀዘ ዓሣ ምኑ ይበላል?

በላነው።